«ሾፌሮቹን ምከሪልኝ» ለተባለችው ሳይኮሎጂስት

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ በሳይኮሎጂ ተመርቃ አንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ድርጅቱ ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያመላልሱ ተሳቢዎች አሉት። በቅርቡ አንዱ ሾፌር ሌሊት ላይ እግረኛ ገጭቶ ሰው ሞተ። ሥራ አስኪያጁ ጠራትና «አንቺ ሳይኮሎጂስት አይደለሽ? ሾፌሮቹን ሰብስበሽ ምከሪልኝ» አላት። እሷም እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። ዕድሜ ልካቸውን የነዱ ሰዎች ፊት ቆሜ ምን ልላቸው ነው? ለመሆኑ ሳይኮሎጂስት ለመንገድ ደህንነት የሚሠራው ነገር አለ ወይስ ለስሙ ነው የተጠራሁት?»

እህቴ፣ የምትሠሪው ነገር አለ። ብዙ አለ። ግን አለቃሽ ያዘዘሽ እሱን አይደለም። ምክር መስጠት ከሥራችን ውስጥ ትንሹና ደካማው ክፍል ነው። ዋናው ሥራችን ጤነኛ፣ ልጆቹን የሚወድ፣ መንገዱን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ለምን አደገኛ ነገር እንደሚያደርግ ማወቅ ነው። ከዚያ ያንን ነገር እንዲያደርግ የሚገፋውን ሁኔታ መለወጥ። መንጃ ፈቃድ ስለሌለሽ አትፈሪ። እንደውም ሳታፍሪ ብዙ ጥያቄ እንድትጠይቂ ይረዳሻል።

መጀመሪያ ምክር ለምን እንደማይሠራ ልንገርሽ፣ ለአለቃሽ ማስረዳት ስላለብሽ። ሾፌር ሰብስቦ «በጥንቃቄ ንዱ፣ ቤተሰብ ይጠብቃችኋል» ማለት በየቦታው ተሞክሯል። ሰውየው ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይወጣል፣ ማታ እንደለመደው ይነዳል። ክፉ ሆኖ አይደለም። ምክሩ ለሱ የተነገረ ስለማይመስለው ነው። ኦላ ስቬንሰን የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጥናት አሜሪካውያንና ስዊድናውያንን «ከሌሎች ጋር ስትነጻጸር አነዳድህ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከአሜሪካውያኑ 93 በመቶ የሚሆኑት በችሎታ ከግማሹ ሰው እንበልጣለን አሉ። ይሄ በስሌት የማይሆን ነገር ነው። እኛ ጋ መናኸሪያ ገብተሽ ብትጠይቂ የምትሰሚው የተለየ አይመስለኝም። እያንዳንዱ ሾፌር ምክሩን ሰምቶ የሚያስበው አጠገቡ የተቀመጠውን ጓደኛውን ነው።

ሌላው፣ የሬሳና የደም ፎቶ አሳይቶ ማስደንገጥ። እባክሽ እሱ ውስጥ አትግቢ። ፍርሃት የሚጠቅመው ሰውየው ማድረግ የሚችለው ግልጽ ነገር አብሮ ሲሰጠው ነው። መውጫ የሌለው ፍርሃት ከሰጠሽው ዓይኑን ይጨፍናል ወይም «የመጣው ይመጣል፣ ቀኑ ከደረሰ የትም አይቀርም» ይላል። ይሄን አባባል ቀላል አድርገሽ አትዪው። ሬሚ ኩዋቤናን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኮትዲቯር ውስጥ ባደረገው ጥናት አደጋን ሙሉ በሙሉ የዕጣ ፈንታ ጉዳይ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ለአደጋ የሚያጋልጥ ነገር አብዝተው እንደሚያደርጉ አሳይቷል። ታዲያ መፍትሔው ከሰው እምነት ጋር መጣላት አይደለም። የድርጅታችሁ ሾፌሮች የሚሰሟቸው ቄስና ሼክ ካሉ እነሱ «ነፍስህን የመጠበቅ አደራ አለብህ» ቢሏቸው ያንቺ ፓወርፖይንት ከሚያመጣው የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

አሁን አንድ መሠረታዊ ነገር። ጄምስ ሪዝንና ባልደረቦቹ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ሥራ የአሽከርካሪን ጥፋት ለሁለት ከፈሉት። አንዱ ስህተት ነው፦ መስታወት ሳያዩ መታጠፍ፣ ምልክት ሳያስተውሉ ማለፍ፣ የሚመጣውን መኪና ፍጥነት አሳንሶ መገመት። ሁለተኛው እያወቁ መጣስ ነው፦ ኩርባ ላይ መቅደም፣ ከወሰን በላይ መፍጠን፣ እንቅልፍ እየጣለህ መንዳት። ከአደጋ ጋር ይበልጥ ተያይዞ የተገኘው ሁለተኛው ነው። ስህተት በስልጠና ይስተካከላል። መጣስ ግን ያለማወቅ ችግር አይደለም። ሾፌሩ ኩርባ ላይ መቅደም ክልክል መሆኑን ካንቺ በላይ ያውቃል። ታዲያ የሚያውቀውን ብትነግሪው ምን ይጨምርለታል? የክህሎት ስልጠና ብቻውን አንዳንዴ ጭራሽ ይጎዳል። ኖርዌይ ውስጥ መንሸራተትን የመቆጣጠር ስልጠና የወሰዱ ወጣት ወንዶች አደጋቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፣ ምክንያቱም ችሎታቸው ከጨመረው በላይ ድፍረታቸው ጨመረ።

ስለዚህ ከስብሰባው በፊት መዝገብ ጠይቂ። ያለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት አደጋዎች፣ ጭረትም ሆነ ግጭት፣ ስንት ሰዓት ላይ ደረሱ? ሾፌሩ ከጅቡቲ ከተነሳ ስንት ሰዓቱ ነበር? ከመነሳቱ በፊት የት ነው ያደረው? ስልክ ላይ ነበር? ለየትኛው ጭነት ነው የተቸኮለው? ፖሊስ ሪፖርት ላይ «የአሽከርካሪ ጥፋት» ተብሎ ይዘጋል። ላንቺ ግን ያ የጥያቄው መጀመሪያ ነው።

ሰዓቱን በደንብ እዪ። የሰው አንጎል በቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ ይደክማል። ዋናው ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ያለው ነው። ሁለተኛው፣ ቀለል ያለው፣ ከምሳ በኋላ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ገደማ። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ ተፈጥሮ ነው፣ በቡና ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። ዶውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ብቃቱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይወርዳል። ብዙ አገሮች በዚህ መጠን ጠጥቶ መንዳትን ይከለክላሉ። አሁን ያንቺን ሾፌር አስቢው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ሲያስጭን፣ ወረቀት ሲያስጨርስ ዋለ። የጋላፊን ድንበር አልፎ የአፋርን ሙቀት ለመሸሽ ማታ መንዳት መረጠ። እኩለ ሌሊት ላይ አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ እንደጠጣ ሰው ነው የሚነዳው። ትራፊክ ፖሊስ ቢያስነፋው ደግሞ ንጹህ ነው።

እና ጫቱ። ሾፌሮች ፊት ስታነሺው እንደ ሰባኪ አትሁኚ። የሚቅመው ለመዝናናት ሳይሆን ነቅቶ ለመድረስ ብሎ የሆነ ብዙ ነው። ጫት እንቅልፉን ይሸፍነዋል እንጂ የእንቅልፍ ዕዳውን አይከፍልለትም። ምርቃናው ላይ እያለ ሁሉም ነገር በእጁ ያለ ይመስለዋል፣ ሲወርድ ደግሞ ድካሙ ተጠራቅሞ ይመጣበታል። መፍትሔው ጫቱን ከመሳደብ ይልቅ ለምን እንዳስፈለገው መጠየቅ ነው፤ ማለትም የጉዞ ሰሌዳው ሰው ሊነዳው የሚችል ነው ወይ? እንቅልፍ ሲመጣ ደግሞ የሚሠራ ነገር አለ። ደህና ቦታ ላይ አቁሞ አንድ ስኒ ቡና መጠጣት፣ ወዲያው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማሸለብ። ቡናው ሥራውን የሚጀምረው ሲነቃ ነው። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ መጨመር ግን ብዙም አያግዝም። ይሄንን ለመተግበር ሾፌሩ የት እንደሚያቆም ማወቅ አለበት፤ ጭነቱ እንዳይሰረቅበት የሚያምነው ቦታ ከሌለ አይቆምም። ስለዚህ የማቆሚያ ቦታ ማዘጋጀት የሳይኮሎጂ ሥራ ነው ብትይ አልተሳሳትሽም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው አለቃሽን የሚያስቆጣው ክፍል ነው፣ ግን ማለፍ አትችይም። ሾፌሮቹ እንዴት ነው የሚከፈላቸው? በቢያጆ ከሆነ፣ ማለትም ቶሎ የተመለሰ ብዙ የሚያገኝ ከሆነ፣ ድርጅቱ በአፉ «ቀስ በል» እያለ በገንዘቡ «ፍጠን» እያለ ነው። ሰው የሚሰማው ገንዘቡን ነው። ማይክል ቤልዘር የሚባል አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር የከባድ መኪና ሾፌሮችን ክፍያ ለረጅም ጊዜ አጥንቶ፣ ክፍያ ሲሻሻል አደጋ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለአለቃሽ በሰብዓዊነት ብቻ አታስረጂው፤ የቆመ ተሳቢ፣ የጋራዥ ወጪ፣ ካሳ፣ የታሰረ ሾፌር ስንት እንደሚያስወጣው ከሂሳብ ክፍል ጋር ቁጭ ብለሽ አስልተሽ አሳዪው።

ስልክም እንዲሁ። «ሾፌሮቻችን ስልክ ያበዛሉ» ይሉሻል። ማነው የሚደውልላቸው ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የምታገኚው መልስ «ስምሪት ክፍል» የሚል ነው። «የት ደረስክ? መቼ ትገባለህ?» የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እየነዳ ስልክ የሚጠቀም ሰው አደጋ ውስጥ የመግባት ዕድሉ አራት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። በጆሮ ማዳመጫ ማውራት ያድናል የሚለውም ልክ አይደለም። ዴቪድ ስትሬየር ዩታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባደረጋቸው ጥናቶች ችግሩ እጅ ሳይሆን ሐሳብ መሆኑን አሳይቷል፤ ሰውየው መንገዱን እያየ የሚያየውን አያስተውልም። እንግዲህ አንድ ወጪ የሌለው ደንብ፦ ስምሪት ክፍል ለሚነዳ ሾፌር አይደውልም። ሾፌሩ ሲያቆም ራሱ ይደውላል። ጂፒኤስ ካላችሁ ደግሞ የት እንደደረሰ መጠየቅ ጭራሽ አያስፈልግም።

ፍጥነት ላይ ሰዎች የሚሠሩት የስሌት ስህተት አለ፣ እሱን ለሾፌሮቹ ማሳየት ያስደስታቸዋል፣ እኔም ሁሌ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። 100 ኪሎ ሜትር መንገድ በ40 የሚነዳ ሰው ወደ 50 ቢያሳድግ 30 ደቂቃ ያተርፋል። በ80 የሚነዳ ሰው ወደ 100 ቢያሳድግ የሚያተርፈው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ጭማሪው እጥፍ ሆኖ ሳለ። አንጎላችን ይሄን ይገለብጠዋል፣ ፈጥኖ የሚሄድ ሰው ሲጨምር ብዙ ያተረፈ ይመስለዋል። በሌላ በኩል የአማካይ ፍጥነት 1 በመቶ መጨመር ሞት የሚያስከትል አደጋን 4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሌላም አለ፤ ከአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ሲወጡ 80 እንደ 50 ሆኖ ይሰማል። ሰውነት ፍጥነት ይለማመዳል። እዚያ ላይ የሚታመነው ጌጁ እንጂ ስሜት አይደለም።

ስለ ገጨው ሾፌር ደግሞ አንድ ነገር። «ድንገት ገባብኝ» ሳይልሽ አልቀረም። ውሸቱን ላይሆን ይችላል። በ80 የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት 33 ሜትር አልፏል፣ ተሳቢው ገና ፍጥነት መቀነስ አልጀመረም። ጨለማ ውስጥ ጥቁር ጋቢ ወይም ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው በአጭር መብራት ከዚያ ርቀት ብዙም ቀድሞ አይታይም። እግረኛው ደግሞ መብራቱን እሱ ስለሚያየው ሾፌሩም እሱን የሚያየው ይመስለዋል። ይሄ በተደጋጋሚ የተጠና ነገር ነው፣ እግረኞች የመታየታቸውን ርቀት አብዝተው ይገምታሉ። ሁለቱም ሰዎች ጤነኛ ሆነው፣ ሁለቱም ባላቸው መረጃ ልክ አስበው አንዱ ይሞታል። ስለዚህ «ጥፋቱ የማን ነው?» ከሚለው ይልቅ የት መንደር ላይ ነው፣ እዚያ መንደር ስንገባ ስንት መንዳት አለብን የሚለው ጥያቄ ሰው ያድናል። የጉዞ መስመራችሁን ወስደሽ ሌሊት ሰው የሚሻገርባቸውን መንደሮች ከሾፌሮቹ ጋር አብራችሁ ጻፉ። ለእያንዳንዱ የፍጥነት ወሰን አስቀምጡ። እነሱ ከካርታ በላይ ያውቁታል።

አሁን ወደ ስብሰባው። ስብሰባውን አድርጊው፣ ግን አንቺ አትናገሪ። ስዊድን ውስጥ ቴሌቨርኬት የሚባለው የስልክ መሥሪያ ቤት ሾፌሮች ላይ ግሬገርሰንና ባልደረቦቹ የተለያዩ ዘዴዎችን አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ1996 ውጤቱን አወጡ። አንዱ ቡድን የመንዳት ስልጠና፣ አንዱ ቅስቀሳ፣ አንዱ ያለ አደጋ ለነዳ ጉርሻ፣ አንዱ ደግሞ በትንሽ በትንሹ ተሰብስቦ ስለ ራሱ ችግር መወያየትና እያንዳንዱ ራሱ የሚያደርገውን ነገር መወሰን። የበለጠ ለውጥ ያመጣው ውይይቱ ነበር። ለኛ ይሄ አዲስ አይደለም፣ ቡና አፍልቶ ተቀምጦ መነጋገር እናውቅበታለን። ስምንት፣ አስር ሰው ይበቃል። አለቃ አይገባም። «ባለፈው ወር ለትንሽ የተረፋችሁበትን ተናገሩ» ብለሽ ዝም በዪ። አንዱ ከጀመረ ሌላው ይከተላል። በሁለተኛው ቀን «ምን ቢለወጥ ነው ይሄ የማይሆነው?» በያቸው። በሦስተኛው እያንዳንዱ ለራሱ አንድ ነገር ይወስን፣ ራሱ ይጻፈው፣ ጓደኞቹ ፊት ያንብበው። ሰው ለታዘዘው ነገር ሳይሆን ጓደኞቹ ፊት ለተናገረው ነገር ይታመናል። ከድርጅቱ የሚጠይቁት ነገርም ይወጣል፣ ጎማ፣ መብራት፣ ፍሬን፣ ማረፊያ። ያንን ለአለቃሽ ማድረስ ያንቺ ግዴታ ነው፤ ካላደረስሽ ሁለተኛ አያወሩሽም። ስም ግን ጠርተሽ እንዳትናገሪ።

አለቃሽ «አደገኛውን ሾፌር የሚለይ ፈተና አምጪልኝ» ሊልሽም ይችላል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ሁጎ ሙንስተርበርግ የተባለ ሳይኮሎጂስት ከመቶ ዓመት በፊት ለኤሌክትሪክ ባቡር ነጂዎች የትኩረት ፈተና ሠርቶ ነበር። ጀርመን ውስጥ ዛሬም ደሙ ውስጥ አልኮሉ 0.16 በመቶ ደርሶ የተያዘ ወይም 8 የጥፋት ነጥብ ያጠራቀመ ሰው ፈቃዱን መልሶ ለማግኘት ኤምፒዩ የሚባል የሕክምናና የሥነ ልቦና ምርመራ ያልፋል፣ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ያውቁታል። እዚያ ሳይኮሎጂስቱ የሚያየው ሰውየው ለምን እንዳጠፋ ገብቶታል ወይ፣ ምንስ ለውጧል የሚለውን ነው። ይሄ ግን በሕግ፣ በሠለጠነ ባለሙያና በብዙ መረጃ የቆመ ሥርዓት ነው። ከኢንተርኔት ያወረድሽውን የባሕርይ መጠይቅ ሰጥተሽ ሰው ከእንጀራው እንዳታፈናቅዪ። ለአገራችን ሾፌሮች ያልተፈተሸ መለኪያ ነው። እይታን፣ የእንቅልፍ መዛባትንና መድኃኒትን ማስመርመር ግን ዛሬውኑ የሚቻል ነው። ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋ፣ ቀን ቀን የሚያሸልብ ሾፌር ካለ ሐኪም ይየው።

ከድርጅትሽ ውጭ ያለውም ሥራ ሰፊ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2016 ኢትዮጵያ ውስጥ ከ27 ሺህ በላይ ሰው በመንገድ አደጋ እንደሞተ ገምቷል፣ በይፋ የተመዘገበው ግን ከ4 ሺህ ጥቂት በላይ ነበር። እኔን የሚያስደንቀኝ ሥራ የጎረቤታችን የኬንያ ነው። ሀቢያሪማናና ጃክ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከ1000 በላይ ረጅም መንገድ የሚሄዱ፣ ማታቱ የሚባሉ ሚኒባሶችን ወሰዱ። ከመካከላቸው በዕጣ በተመረጡት ውስጥ ተሳፋሪው ሾፌሩን እንዲናገር የሚያበረታታ ተለጣፊ ጽሑፍ ለጠፉ። «ዝም አትበል፣ ተናገር» የሚል መንፈስ ያለው ነው። ተለጣፊውን ላላነሱ ሾፌሮች ደግሞ የሎተሪ ሽልማት ነበረው። የመድን ካሳ ጥያቄ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ቀነሰ። እኛስ ጋ? ሚኒባስ ውስጥ ሁሉም ወንበሩን ጨብጦ በልቡ ይጸልያል፣ ማንም አይናገርም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሌላው ያልፈራ ይመስለዋል። አንዱ «ኧረ ወንድሜ ቀስ በል» ሲል ግን ወዲያው ሦስት አራት ሰው ይከተላል። ያ የመጀመሪያው ሰው እንዲናገር ፈቃድ መስጠት ነው የተለጣፊው ሥራ። ዋጋውም የወረቀት ዋጋ ነው።

መንገዱ ራሱም ይናገራል። ሰፊና ቀጥ ያለ አስፋልት ሠርተሽ ዳር ላይ «30» ብለሽ ብትጽፊ ሰው የሚሰማው አስፋልቱን ነው። አዲስ አበባ ለገሃር ላይ በቀለምና በቀላል ነገር መታጠፊያውን አጥብበውት ነበር፤ እንዲህ ሲሆን መኪናው ሳይወድ ቀስ ይላል፣ እግረኛውም የሚሻገረው ርቀት ያጥራል። መሐንዲሱ አጠገብ ሰው እንዴት እንደሚያይና እንደሚወስን የሚያውቅ ባለሙያ መቀመጥ አለበት፣ እኔ በዚህ ድርድር የለኝም።

በመጨረሻ፣ ከሁሉም በፊት ማድረግ ያለብሽን ልንገርሽ። ያ ሾፌር አሁን የት ነው? ሰው ገድሎ፣ ምናልባት ታስሮ ተፈትቶ፣ ቤቱ ተቀምጦ ከሆነ ሄደሽ እዪው። ብዙ ሾፌሮች ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ አይተኙም፣ የግጭቱ ድምፅ በጆሯቸው ይመላለሳል፣ ይጠጣሉ፣ መሪ ሲጨብጡ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ግን ተጠንቀቂ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁጭ አድርገሽ «ሁሉንም ከመጀመሪያው ተርክልኝ» አትበዪው። እንግሊዝ ውስጥ የመኪና አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ላይ ማዩ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሦስት ዓመት ተከታትለው እንዳዩት እንዲህ ያለው የአንድ ጊዜ ማስተረክ አልጠቀመም፣ መጀመሪያ በጣም የተረበሹትን ጭራሽ አቆይቶባቸዋል። ከጎኑ ሁኚ፣ ይተኛል ወይ፣ ይበላል ወይ፣ ራሱን ስለመጉዳት ያስባል ወይ ብለሽ ጠይቂ። የመጨረሻውን በግልጽ ጠይቂው፣ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ራሱን ሊጎዳ እንደሚችል ካየሽ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ውሰጂው፣ ብቻውንም አትተዪው። ቤተሰቡ ሽማግሌ ልኮ ከሟች ወገን ጋር እርቅ ከጀመረ ሊጠቅመው ይችላል፣ ለሟች ቤተሰብም እንዲሁ፣ ድርጅቱም በዚያ ውስጥ ቀርቦ ድርሻውን መወጣት አለበት። አንድ ወር ካለፈ በኋላም ቅዠቱና ፍርሃቱ ካልለቀቀው ወደ ሥነ አእምሮ ሕክምና ላኪው፣ ለዚህ የሚሠራ ሕክምና አለ። እስከዚያ መሪ አይጨብጥ፣ ደመወዙ ግን አይቆረጥ። ይሄን ከአለቃሽ ጋር ዛሬ ተነጋገሪበት፣ ሌሎቹ ሾፌሮች ድርጅቱ እሱን እንዴት እንደያዘው እያዩ ነው፣ ስብሰባሽ ላይ አፋቸውን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም በዚያ ነው። መዝገቡን ካገኘሽ በኋላ የሰዓቱን ዝርዝር ብትልኪልኝ አብረን እናየዋለን።